መሬት እስክትንቀጠቀጥ ሳይጠብቁ መፈተን

ግንቦት 1953 ዓ.ም. ሊገባደድ ሲል በይፋት ቆላ የምትገኘው ካራቆሬ በብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ጎረቤቷ ማጀቴ ፈጽማ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ቤት ተደረመሰ፤ ወደ ደሴ የሚወስደው ዋና መንገድ ከከተማዋ በስተሰሜን ተሰነጣጠቀ፣ ናዳም ወረደበት፤ አምስት ሺህ ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። ይህን ለታሪክ ያቆዩልን በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት ካናዳዊው ፒየር ጉዋን ናቸው። ምድሪቱ ከዚያ በኋላም አላረፈችም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ ለወራት የቀጠለው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ብዙ ሺህ ሰዎችንም ከቀያቸው አስነስቷል።

አንድ ፕሮግራመር ካራቆሬ ላይ የንዝረት መለኪያ ተክሎ፣ አደጋ ሲመጣ ለነዋሪው በኤስኤምኤስ ማስጠንቀቂያ የሚልክ ፕሮግራም ሠራ እንበል። በትክክል መሥራቱን በምን ያውቃል? መሬቷን አዝዞ ማንቀጥቀጥ አይችልም። የቁርጡ ቀን እስኪመጣ ቢጠብቅ ደግሞ ስህተቱን የሚያውቀው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። የቀጠሮ ቀን የሚያሰላው የጤና ጣቢያ ፕሮግራም፣ ክፍያ የሚቀበለው የሱቅ አፕ፣ የተማሪ ውጤት የሚያከማቸው የትምህርት ቤት ሲስተም፣ ሁሉም ያው ጥያቄ አለባቸው። ሰዓት፣ ኔትወርክ፣ ባንክና ዳታቤዝ በእኛ ፈቃድ አይታዘዙም።

ለዚህ ጥያቄ የሶፍትዌር ዓለም ያገኘው ዋና መልስ በእውነተኛው ዕቃ ፈንታ ለፈተና ብቻ የሚቆም ምትክ ዕቃ፣ ማለትም ሞክ ኦብጀክት ነው። ሞክ ያለ ልክ ሲወደስም ሲወቀስም ኖሯል። በዚህ ዳሰሳ መንገዶቹን አንድ በአንድ እናያለን። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ሞክ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ጠርተን የማናመጣውን ክስተት በእጃችን ለማስገባት ነው። ሞክ ማድረግ ሲከብደን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በኮዱ አሠራር ላይ ነው። በሞክ የተፈተነ ኮድ ደግሞ ከእውነተኛው ዕቃ ጋር ሳይገናኝ ተፈተነ ሊባል አይገባም።

ኮድ ከዓለም ጋር ሲጣበቅ

ያን የማንቂያ ፕሮግራም ቀረብ ብለን እንየው። ልቡ ያለው አንድ አጭር ስሌት ላይ ነው። የሴይስሞሎጂ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ዘዴ፣ የቅርቡን ንዝረት አማካይ፣ የአንድ ሰከንዱን እንበል፣ ለረጅሙ ጊዜ አማካይ፣ ለሠላሳ ሰከንዱ እንበል፣ ማካፈል ነው። ውጤቱ ከተወሰነ ወሰን ካለፈ አንድ ነገር መጥቷል ማለት ነው። ይህ ስሌት ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ ልንፈትነውም የምንፈልገው እሱን ነው።

በችኮላ የተጻፈው ፈንክሽን ግን ሥራውን የሚጀምረው በሌላ ነገር ነው። መለኪያውን በፖርቱ ስም ራሱ ይከፍታል። ሰዓቱን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ይጠይቃል። ወሰኑ ሲታለፍ የኤስኤምኤስ ሰርቨሩን ግንኙነት እዚያው ውስጥ «ኒው» ብሎ ይፈጥራል። በመጨረሻም ዳታቤዙን በስሙ ጠርቶ ይመዘግባል። ስሌቱን ለመፈተን የተነሳ ሰው መለኪያ፣ ኔትወርክ፣ ሂሳብ የተሞላበት ሲም ካርድ፣ የተነሳ ዳታቤዝና አንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስፈልገዋል።

ሃርድኮድ የተደረገ ዲፔንደንሲ የምንለው ይህን ነው። በብየዳ እንደተያያዘ የመኪና ዕቃ ነው፤ አንዱን ለማየት ሌላውን መቁረጥ ግድ ይላል። በብሎን ቢታሰር ኖሮ ግን ተፈትቶ፣ ለብቻው ተፈትሾ፣ ተመልሶ ይገጠም ነበር።

ብየዳው ብዙውን ጊዜ በሦስት መልክ ይመጣል። አንደኛው ክላሱ የሚፈልገውን ነገር በሆዱ ውስጥ ራሱ መፍጠሩ ነው። ሁለተኛው በስታቲክ ሜተድ ወይም በሲንግልተን፣ ከየትም ቦታ በሚጠራ የጋራ ነገር ላይ መንጠልጠሉ ነው። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስተውለው የኮምፒውተሩን ሰዓት፣ የፋይል አድራሻና የሰርቨሩን የጊዜ ቀጠና እንደ ተፈጥሮ ሕግ መውሰዱ ነው። ሦስቱም ዩኒት ቴስትን፣ ማለትም አንድን የኮድ ክፍል ለብቻው የሚፈትን ፈተናን፣ ይገድላሉ። ዩኒት ቴስት ፈጣን መሆን፣ በተሞከረ ቁጥር ያንኑ መልስ መስጠትና በሌላ ነገር መበላሸት ምክንያት አለመውደቅ አለበትና።

ሐሳቡ የመጣበት መንገድ

ዛሬ የምናውቀው የዩኒት ቴስት ባህል በሰፊው የተዛመተው ጄዩኒት በተባለው የጃቫ መፈተኛ መሣሪያ ነው። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ የመጀመሪያውን ጄዩኒት እ.ኤ.አ. በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ ጻፉት። ብዙም ሳይቆይ ከዓለም ጋር የተጣበቀ ኮድ እንዴት ይፈተናል የሚለው ጥያቄ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2000 ቲም ማኪነን፣ ስቲቭ ፍሪማንና ፊሊፕ ክሬግ በጋራ ጽሑፋቸው ሞክ ኦብጀክት የሚለውን ስያሜና አሠራር አስተዋወቁ። ኢዚሞክ፣ ጄሞክና ሞኪቶ የተባሉት የጃቫ መሣሪያዎች በዚያ መሠረት ላይ ተገነቡ። ፓይተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በ3.3 ቅጂው የሞክ ላይብረሪን የቋንቋው መደበኛ አካል አደረገ።

ሁሉም ምትክ ዕቃ በአንድ ስም «ሞክ» ሲባል ግራ መጋባት በዛ። ጄራርድ ሜሳሮስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ አምስት ዓይነቶችን ለዩ። በማንቂያው ፕሮግራም ብናያቸው ልዩነቱ ይገባናል። ቦታ ለመሙላት ብቻ የሚሰጥና ማንም የማይጠራው ዕቃ ዳሚ ነው። ሁልጊዜ አስቀድመን ያዘጋጀነውን ንዝረት የሚመልስ መለኪያ ስተብ ነው። ስንት መልእክት ለማን እንደተላከ መዝግቦ የሚያቆይ ላኪ ስፓይ ነው። «አንድ ጊዜ ብቻ ልጠራ ይገባኛል፣ በዚህ ቃል» የሚል ግምት አስቀድሞ ተቀብሎ፣ ካልተፈጸመ ፈተናውን የሚጥለው ሞክ ነው። በዲስክ ፈንታ በሜሞሪ ላይ የሚሠራ፣ ነገር ግን በእውነት የሚያስቀምጥና የሚያወጣ ዳታቤዝ ደግሞ ፌክ ነው። በየቢሮው ሁሉንም ሞክ ማለት የተለመደ ነው፤ ግን የቱን እንደምንፈልግ ሳናውቅ ፈተና መጻፍ ሁለት ጊዜ ያስለፋል።

ብየዳውን ለመፍታት ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያውና የተሻለው መንገድ ዲፔንደንሲውን ከውጭ ማቀበል ነው። ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በጥር 2004 በጻፉት ጽሑፍ ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን የሚለውን ስም ያጸኑለት አሠራር ይህ ነው። የማንቂያው ክላስ መለኪያውን አይከፍትም፤ «የንዝረት ምንጭ»፣ «ሰዓት» እና «መልእክት ላኪ» የተባሉ ሦስት ኢንተርፌሶችን በኮንስትራክተሩ ይቀበላል። ካራቆሬ ላይ ሲሠራ እውነተኞቹ ይሰጡታል፤ ሲፈተን ምትኮቹ ይሰጡታል።

ያኔ መንቀጥቀጡን እኛው እናመጣዋለን። በመጀመሪያው ፈተና ስተቡ የስልሳ ሰከንድ ጸጥታ ይሰጣል፤ የተላከ መልእክት ዜሮ መሆን አለበት። በሁለተኛው ከጸጥታው በኋላ ብርቱ ንዝረት ይከተላል፤ በትክክል አንድ መልእክት መላክ አለበት። መሬቷ ለአሥር ሰከንድ ብትንቀጠቀጥ አሥር መልእክት የሚልክ ማንቂያ ሕዝብን ያደነግጣልና። ሦስተኛው ፈተና ከቦታው ጠባይ የሚመጣ ነው። ካራቆሬ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል ባለው ዋና መንገድ ላይ ናት፤ ጭነት የያዘ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር መንገድ ዳር ያለ መለኪያ ይርገበገባል። ስለዚህ አንዱ መለኪያ ሲጮኽ፣ ከመንገዱ ርቆ የተተከለው ሁለተኛው ግን ዝም ሲል ማንቂያው ዝም ማለት አለበት። አራተኛው የመልእክት ሰርቨሩ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው እንዲቀበል ያደርጋል፤ ፕሮግራሙ ተስፋ ሳይቆርጥ መድገሙን ያሳየናል። አራቱም ፈተናዎች ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃሉ። ሰዓቱም ምትክ ስለሆነ ስልሳ ሰከንዱን ማንም ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ሁለተኛው መንገድ የቆየ ኮድ ለወረሰ ሰው ነው። አዲስ ተቀጣሪ ቢሮ ሲገባ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከዓመታት በፊት የተጻፈ፣ ጸሐፊው የለቀቀ፣ አንድም ፈተና የሌለው ኮድ ነው። ማይክል ፌዘርስ እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ቆየ ኮድ ባሳተሙት መጽሐፍ ፈተና የሌለውን ኮድ ሁሉ የቆየ ኮድ ይሉታል፤ መድኃኒቱንም ከስፌት ላይ ይጀምራሉ። ስፌት ኮዱን እዚያው ሳንነካ ባህርይውን መለወጥ የምንችልበት ቦታ ነው። መልእክት የሚልኩትን ሦስት መስመሮች ለብቻቸው ወደ አንድ ሜተድ ማውጣት፣ ከዚያ ለፈተና ብቻ ክላሱን ወርሶ ያንን ሜተድ መተካት ይቻላል። ስታቲኩን ጥሪ በቀጭን መጠቅለያ ክላስ መሸፈንም ይቻላል። ነባሩን ኮንስትራክተር እንዳለ ትቶ ዲፔንደንሲ የሚቀበል ሁለተኛ ኮንስትራክተር መጨመር ደግሞ ሌላ ቦታ ያለውን ጠሪ ሁሉ ከመነካካት ያድናል። ከሁሉ በፊት ግን ኮዱ አሁን የሚያደርገውን፣ ልክም ይሁን ስህተት፣ እንዳለ የሚመዘግብ ፈተና መጻፍ ይገባል። የማናውቀውን ባህርይ ሳናይ ማረም አዲስ ችግር መትከል ነውና።

ሦስተኛው መንገድ ኮዱን ሳይነኩ በመሣሪያ ጉልበት ሰብሮ መግባት ነው። ፓወርሞክና ጄሞኪት የጃቫን ባይትኮድ እየለወጡ ስታቲክ ሜተድንና «ኒው»ን ሳይቀር ይተካሉ። ሞኪቶም እ.ኤ.አ. በ2020 በ3.4 ቅጂው ስታቲክ ሜተድን መተካት ጀምሯል። በፓይተን ደግሞ ፓች የተባለው መሣሪያ በአንድ መስመር ማንኛውንም ስም ይተካል። ይህ መንገድ የተከለከለ አይደለም። ሊነካ የማይፈቀድ የሦስተኛ ወገን ኮድ ሲኖር፣ ወይም ለማስተካከያው መሸጋገሪያ የሚሆን ፈተና ሲያስፈልግ ቦታ አለው። አደጋው ልማድ ሲሆን ነው። ብየዳው እንዳለ ይቀራል፤ ፈተናው ከኮዱ ውስጣዊ አጻጻፍ ጋር ይጣበቃል፤ የቋንቋው ቅጂ ባደገ ቁጥርም መሣሪያው ይሰበራል። የመሣሪያው ኃይል ሲበዛ ኮዱን የማስተካከል ፍላጎት ይቀንሳል።

ሰዓቱን በእጅ መያዝ

ለኢትዮጵያ ፕሮግራመር ከሁሉ ቀድሞ ሞክ ሊደረግ የሚገባው ሰዓት ነው። ካላንደራችን አሥራ ሦስት ወር አለው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ፣ በዘመነ ሉቃስ ማለት ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። በጃቫ መደበኛ የቀን ላይብረሪ ውስጥ የኢትዮጵያ ካላንደር የለም፤ ጆዳታይም፣ ስሪተን ኤክስትራና አይሲዩ ግን ይዘውታል። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2ም ያውቀዋል። ሆኖም ብዙ ቡድኖች መቀየሪያውን ራሳቸው ይጽፋሉ፤ የዛሬውንም ቀን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ይወስዳሉ። እንዲህ የተጻፈ ኮድ በአራት ዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚታይ ስህተት በሆዱ ይዞ ሊኖር ይችላል።

ሰዓቱ ከውጭ ሲሰጥ ፈተናው ቀላል ነው። ምትክ ሰዓቱን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ አቁመን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 እንጠብቃለን፤ በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016። በዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ላይ ደግሞ ያው የፈረንጅ ቀን መስከረም 1 ቀን 2017 ይሆናል። ጃቫ ከስምንተኛ ቅጂው፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ለዚሁ ሥራ የሚሆን «ክሎክ» የተባለ ክላስ አለው፤ ቆሞ የሚቀር ሰዓት መስጠት አንድ መስመር ብቻ ነው።

የጊዜ ቀጠናም እንዲሁ ነው። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተሞላ፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ እሱ ገና በትናንት ውስጥ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ካራቆሬ ጤና ጣቢያ የተወለደ ሕፃን የልደት ቀኑ ስንት ይመዝገብ? ፈተናውን ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ይህን ሳይወስን ማለፍ አይችልም። ጥያቄውን አዋላጇና የመዝገብ ሠራተኛው ፊት አቅርቦ ቁርጥ መልስ መቀበል አለበት። የሞክ ትልቁ ጥቅም እንዲህ ያለውን ውሳኔ ቀድሞ ማስወጣቱ ነው።

ገንዘብ ሲገባበት

ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያ የሚቀበል ኮድ የሚጽፈው የባንክ ባለሙያ ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ አስቸጋሪው እምቢታ አይደለም፤ ዝምታ ነው። ጥያቄው ሄዶ፣ ገንዘቡ ተቆርጦ፣ መልሱ በኔትወርክ መቋረጥ በመንገድ ሲቀር ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል? «አልተከፈለም» ብሎ ደግሞ ቢጠይቅ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ይህን በእውነተኛው አገልግሎት ላይ እያወቁ መፍጠር አይቻልም፤ በምትክ የክፍያ አገልግሎት ግን በደቂቃ ይዘጋጃል። አንዱ ምትክ ወዲያው ይቀበላል፣ አንዱ ይከለክላል፣ አንዱ ዝም ይላል፣ አንዱ ዘግይቶ ይመልሳል፣ አንዱ ያንኑ ማረጋገጫ ሁለት ጊዜ ይልካል። በአምስቱም ፈተናዎች የሚጠበቀው አንድ ነው፤ ለአንድ ትእዛዝ ከአንድ ጊዜ በላይ ገንዘብ አይቆረጥም። የሸዋ ሮቢት ነጋዴ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ በፈጣን ኔትወርክ ብቻ የተሞከረ አፕ ሲሰጠው፣ ያልተፈተነው እሱ በየቀኑ የሚኖርበት ሁኔታ ነው።

ክርክሩ

ሞክ ምን ያህል ይበቃል የሚለው እስካሁን ያልተዘጋ ክርክር ነው። ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት ወገኖችን ለይተዋል። አንደኛው ወገን እውነተኛውን ዕቃ እስከተቻለ ይጠቀማል፤ ምትክ የሚያቆመው ሲቸገር ብቻ ነው፤ በመጨረሻ የሚመረምረውም የሥራውን ውጤት ነው። ሁለተኛው ወገን እያንዳንዱን ክላስ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ለይቶ፣ በመካከላቸው የሚደረገውን ጥሪ ይመረምራል። የሁለተኛው ወገን መሪዎች ፍሪማንና ናት ፕራይስ ግን ሞክ ንድፍን ለማግኘት እንደሚረዳ ሲያስተምሩ፣ የራስህ ያልሆነን ኢንተርፌስ ሞክ አታድርግ የሚል ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አብረው ሰጥተዋል። ያንን ማስጠንቀቂያ የረሱ ተከታዮች ናቸው ሞክን ያስወቀሱት።

እ.ኤ.አ. በ2014 የሬይልስ ፈጣሪ ዴቪድ ሃይንማየር ሃንሰን ለፈተና ሲባል ኮድ በኢንተርፌስ እየተጨናነቀ መበላሸቱን በብርቱ ተቃወሙ። ከቤክና ከፋውለር ጋር ባደረጉት ተከታታይ ውይይት ቤክ ራሳቸው ሞክ እምብዛም እንደማይጠቀሙ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የጉግል መሐንዲሶች መጽሐፍም እውነተኛውን ዕቃ፣ እሱ ካልተቻለ ፌክን ያስቀድማል። እኔም ከዚህ ወገን ነኝ። በአንድ ፈተና ውስጥ ስድስት ሞክ ካለ፣ ፈተናው የሚያረጋግጠው ኮዱ እንደተጻፈ መጻፉን ብቻ ነው፤ አንድ ሜተድ ስሙ ሲቀየር ሁሉም ይወድቃል፣ እውነተኛ ስህተት ሲገባ ግን ሁሉም ያልፋል። ስሌቱን ለብቻው ንጹሕ ፈንክሽን ካደረግነው ቁጥር ሰጥቶ ቁጥር መቀበል ነው፤ ሞክም አያሻውም። ምትክ የሚያስፈልገው ፕሮግራሙ ዓለምን በሚነካበት ጠርዝ ላይ ብቻ ነው።

ምትኩ የማይነግረን

ጁን 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ አሪያን 5 ሮኬት በመጀመሪያ በረራዋ በአርባ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ከመስመር ወጥታ ፈነዳች። አቅጣጫ የሚለካው መሣሪያ ኮድ ከአሪያን 4 እንዳለ የተወሰደ ነበር። የአዲሷ ሮኬት ፍጥነት ከቀድሞዋ ስለሚበልጥ አንድ ትልቅ ቁጥር በ16 ቢት ቦታ አልበቃ አለና መሣሪያው ሥራ አቆመ፤ ተጠባባቂውም ያንኑ ኮድ ስለያዘ አብሮ ወደቀ። አጣሪ ኮሚሽኑ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ዳሰሳችንን በቀጥታ ይመለከታል። በመላው ሲስተም የምድር ሙከራ ላይ እውነተኛው መለኪያ አልተገጠመም፤ በቦታው የሱን ሥራ የሚያስመስል ሶፍትዌር ነበር። ምትኩ ሠሪዎቹ ያመኑትን መለሰ፤ እውነተኛው መሣሪያ ሌላ ነገር ነበረው።

እዚህም ሀገር የምናስታውሰው አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ ብሔራዊ ባንክም በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት የተከሰተ ችግር መሆኑን ገለጹ። ጥገና ማለት በሕይወት ያለ ሲስተም ላይ መሥራት ነው፤ ሴቲንግ፣ የዳታቤዝ ሁኔታና በአንድ ጊዜ የሚጎርፍ ብዙ ደንበኛ የሚገናኙት እዚያ ነው። በአንድ ክላስ ዙሪያ የቆሙ ምትኮች ይህን መገናኛ አያሳዩም።

ስለዚህ ከሞኮቹ በላይ ሌላ የፈተና ደረጃ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ምትክ ጥንድ ፈተና ይኑር፤ አንዱ በምትኩ፣ አንዱ በእውነተኛው ላይ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ መስጠታቸውን የሚያረጋግጥ። ለዳታቤዝ እንደ ቴስትኮንቴይነርስ ያለ መሣሪያ እውነተኛ ፖስትግሬስን ለደቂቃዎች አንስቶ ያጠፋል። ለክፍያ የአገልግሎት ሰጪው መሞከሪያ ሰርቨር አለ። ለማንቂያው ደግሞ ከእውነተኛ መለኪያ የተቀዳ የንዝረት መዝገብ በእጅ ከተሠራው ቁጥር ይሻላል፤ መሣሪያው ራሱም ካራቆሬ ላይ ተተክሎ፣ ተሳቢ ሲያልፍ፣ መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲደክም መታየት አለበት። እነዚህ ፈተናዎች ዘገምተኛ ናቸው፤ በቀን አንድ ጊዜ ወይም ከእያንዳንዱ ልቀት በፊት ቢሮጡ ይበቃል።

ከየት እንጀምር?

ትንሽ ቡድን ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሥራት አይችልም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ግልጽ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱን ከኮዱ ውስጥ ማውጣት፤ ርካሽ ነው፣ ትርፉም ወዲያው ይታያል። ቀጥሎ ገንዘብና መልእክት የሚነካውን ጥሪ ሁሉ በራሳችን ቀጭን ኢንተርፌስ መሸፈን፣ ሞክ ማድረግም እሱን እንጂ የሌላውን ላይብረሪ አይደለም። ከዚያ ስሌቱን ከጥሪው መለየት። አዲስ ስህተት በተገኘ ቁጥር ከማረሙ በፊት ስህተቱን የሚያሳይ ፈተና መጻፍ። በመጨረሻም በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ቢያንስ አንድ የእውነተኛ ግንኙነት ፈተና ማኖር። ሰባሪ መሣሪያዎቹ ለችግር ቀን ይቀመጡ።

ይህን ለመጀመር ገንዘብም የውጭ አማካሪም አያስፈልግም፤ ጃቫውም ፓይተኑም መሣሪያዎቹም በነጻ ይገኛሉ። ቀጣዩ ዘመነ ሉቃስ 2019 ነው፤ ያ ዓመት የሚያልቀው በጳጉሜን 6 ነው። በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤት፣ በቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ ሰዓቱን በምትክ ተክቶ ያን ቀን ዛሬውኑ በኮዱ ላይ ያምጣው፤ የሚወድቅ ነገር ካለ የሚወድቀው እናት ለክትባት ቀጠሮ ተሰልፋ ሳይሆን እሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሊያርመው በሚችልበት ሰዓት ይሁን።